ጎርፍ የሚጀምረው ከላይኛው ግቢ ነው

ሰኔ ሲገባ በአዲስ አበባ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠረጋ ይጀመራል። የማንሆል ክዳን ይነሳል፣ ደለሉ በአካፋ ይዛቃል፣ ፌስታሉና ሃይላንዱ ከቱቦ አፍ እየተጎተተ ይወጣል። ሥራው የግድ ነው፤ ባይሠራ ሐምሌና ነሐሴ ከዚህም የከፉ ይሆኑ ነበር። ግን ጠረጋው የሚደርሰው ጎርፉ ጎርፍ ከሆነ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከየት ተነሣ? ለምንስ በአንድ ጊዜ ደረሰ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የቦይ ጠረጋ መልስ የለውም።

ገጠር ውስጥ መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። በተፋሰስ ልማት የሠራ የልማት ሠራተኛ ሁሉ ሥራ የሚጀመረው ከተራራው አናት እንደሆነ ያውቃል። ከላይ ያልተያዘ ውሃ ታች የተሠራውን ክትር ጠራርጎ ይሄዳልና እርከን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ የድንጋይ እርከን ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ ደግሞ ነዋሪው ተራራውን በእርከንና በክትር ከሸፈነ በኋላ የጉድጓዶቹ ውሃ ተመልሷል፤ ቀበሌው እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ያገኘው በዚህ ሥራው ነበር። ይህን የሚያውቅ አገር ከተማው ውስጥ ሲሆን ሥራውን ገልብጦ ከታች ይጀምራል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። ከተማም እርከን ያስፈልገዋል፤ ለከተማ የሚሆነው እርከን ደግሞ በግቢው፣ በመኪና ማቆሚያውና በእግረኛ መንገዱ ላይ የሚነጠፍ ውሃ አሳላፊ ንጣፍ ነው። ዕቃው በእጃችን፣ ሙያውም በወጣቶቻችን ዘንድ አለ። የጎደለው ከንጣፉ ሥር ያለውን ነገር በአግባቡ መሥራትና ከተሠራ በኋላ መጠበቅ ነው።

መልክዓ ምድሩን እንይ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአቃቂ ሜዳ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ቀጨኔ፣ ቀበና፣ ግንፍሌና ሌሎች ወንዞች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሁሉም በመጨረሻ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳሉ። ከተማዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ከተማ ውሃውን ከላይ ካልያዘ ታች ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? በወንዝ ዳር የሚኖረው ቤተሰብ በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ደጃፉ ላይ ይደረድራል። በሩ ሥር ያለውን ደፍ በየዓመቱ አንድ ብሎኬት ከፍ ያደርጋል። ውሃው ግን ከእርሱ ግቢ አልተነሣም።

የተነሣው ላይ ካሉት ግቢዎች ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በብዙ ሰፈር ግቢ ማለት ሳር፣ ጌሾ፣ የጓሮ ጎመንና ጥቂት የኮክ ዛፍ ነበር፤ ከቆርቆሮው በአሸንዳ የወረደው ውሃ እዚያው ይሰርግ ነበር። ዛሬ ግቢው ዳር እስከ ዳር ሊሾ ወይም ሴራሚክ ሆኗል፤ ተዳፋቱም በጥንቃቄ ወደ በር ተደርጓል። የግቢው ባለቤት ቤቱ ንጹሕና ደረቅ ስለሆነለት ደስ ይለዋል፤ ይህም አያስወቅሰውም፤ ሌላ አማራጭ ያሳየው የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 500 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 20 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል መቶ ጊዜ ተሞልቶ መንገድ ላይ ተደፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ በክረምት ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። አሥር ግቢ ባለበት መንገድ ሺህ በርሜል ይሆናል። ቦዩ ምንም ያህል ቢጠረግ ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲያሳልፍ አልተሠራም።

ውሃ አሳላፊ ንጣፍ ሲባል ሰው ዓይኑን የሚጥለው ላዩ ላይ ነው፤ የትኛው ድንጋይ፣ ምን ቀለም፣ ምን ቅርጽ ይላል። ዋናው ሥራ ግን ከሥር ነው። በተለመደው አሠራር ከንጣፍ ሥር ገረጋንቲ ይሞላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል። ደቃቁ ከትልቁ ጋር ተደባልቆ ክፍተቱን ስለሚደፍን መሠረቱ ይጠነክራል፤ ውሃም አያስገባም። ውሃ አሳላፊው ንጣፍ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከሥሩ የሚገባው ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ ዱቄቱ በወንፊት ተለይቶ የወጣ፣ የታጠበ ጠጠር ነው። እንዲህ ያለ ጠጠር ሲከመር ከመጠኑ 40 በመቶ ገደማው ባዶ ክፍተት ነው። ውሃው የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር 12 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 120 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሆዱ ይይዛል። ከላይ ያነሳነው 500 ካሬ ሜትር ግቢ ግማሹ ጣሪያ፣ ግማሹ ንጣፍ ነው እንበል፤ የአሸንዳው ውሃም ወደ ንጣፉ ይግባ። 250 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈው 20 ሺህ ሊትር 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ለመያዝ 20 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይበቃል። አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ ጥልቀት ነው፤ መቶው በርሜል እዚያ ውስጥ ያድራል።

አሠራሩ ለተቋራጭ እንግዳ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙያውን ሲማር ጀምሮ «ጥሩ መሠረት ውሃ የማያስገባ መሠረት ነው» ተብሎ የመጣ ፎርማን በድንገት ክፍት አድርገህ ሥራ ሲባል ይጠራጠራል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የታወቀ ነው። ማዕዘኑ የሾለ የተፈጨ ጠጠር እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ለእግረኛ፣ ለቤት መኪናና በዝግታ ለሚሄድ ተሽከርካሪ የሚበቃ ጥንካሬ አለው። ከባድ ገልባጭ ለሚመላለስበት አውራ መንገድ ግን አይመከርም፤ ማንም የጎርጎራውን ወይም የጅማውን መንገድ እንዲህ እንሥራ አላለም።

በዓለም ላይ ሦስት ዓይነት ንጣፎች ተለምደዋል። አንዱ ደቃቁ አሸዋ የተቀነሰለት አስፋልት ሲሆን በአሜሪካ ፊላደልፊያ በሚገኘው የፍራንክሊን ተቋም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የዳበረ ነው። በማሳቹሴትስ ዋልደን ኩሬ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1977 በዚህ አስፋልት የተሠራ የመኪና ማቆሚያ ከበረዶው ወቅት ጋር እየታገለ ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ሁለተኛው አሸዋ የማይገባበት ወይም ጥቂት ብቻ የሚገባበት ኮንክሪት ነው፤ ከ15 እስከ 25 በመቶው ክፍት ነው፤ ላዩ ሻካራ ይሆናል፤ ሲሚንቶውና ውሃው በልክ ካልተመጠነ ወይ ይፈረፈራል ወይ ይደፈናል። ቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የጓሮ መንገዶቿን እያፈረሰች በእነዚህና መሰል ንጣፎች ስትተካ ቆይታለች። ሦስተኛው በመጋጠሚያው ክፍተት ውሃ የሚያሳልፍ የድንጋይ ወይም የብሎክ ንጣፍ ነው። እኛን የሚመለከተው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ኮብልስቶን አለን።

የኮብልስቶን ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ከጀርመን ጋር በነበረው የቴክኒክ ትብብር ተስፋፍቶ በየከተማው ብዙ ሺህ ወጣቶችን፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁትን ጭምር፣ መሮና መዶሻ አስይዟል። ድንጋዩን ጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ የሚጠርበው ልጅ፣ በክርና በመዶሻ እያስተካከለ የሚነጥፈው ልጅ፣ አሸዋውን በመጥረጊያ እየነዳ ክፍተቱን የሚሞላው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ የከተማ እርከን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሙያ አላቸው።

ይሁንና አሁን ያለው ኮብልስቶን ውሃ አሳላፊ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ቆም ብሎ ያየ ሰው ይገነዘበዋል፤ መጀመሪያ መጋጠሚያው ጥቂት ውሃ ይጠጣል፣ ትንሽ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ላዩ ይጠግብና ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ባለው መስመር እየተመራ ቁልቁል ይሮጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ክፍተቱ የተሞላው በደቃቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ጭቃ ሲጨመርበት ይደፈናል። ከሥሩ ያለው ደግሞ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው። መጋጠሚያው በቦያካ፣ ማለትም በቀጭን የሲሚንቶ ቡኮ፣ ከተሞላማ ነገሩ ሁሉ እዚያው አበቃ፤ ኮብሉ ሊሾ ሆነ።

መለወጥ ያለበት ትንሽ ነው፤ ድንጋዩም ነጣፊውም አይለወጡም። በመጋጠሚያው ውስጥ በአሸዋ ፋንታ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ ጠጠር፣ ከድንጋዩ ሥር እንደ መኝታ የሚሆን ያንኑ ጠጠር፣ ከዚያ በታች ደግሞ ትልልቁን የታጠበ ጠጠር ማድረግ ነው። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ጠርዙ እኩል ስላልሆነ በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት በፋብሪካ ከተሠራው ብሎክ ይሰፋል። እንደ ጉድለት ይታይ የነበረው ነገር እዚህ ላይ ጥቅም ይሰጣል።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ቀይ አፈር አለ፤ ውሃ በዝግታም ቢሆን ይጠጣል። ወደ ቦሌና አቃቂ ሲወረድ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ይመጣል፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ አንዴ ከጠገበ በኋላ ውሃ የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው። በመረሬ ላይ የቆመ ቤት መሠረቱ አጠገብ ውሃ ማስረግ ግድግዳ መሰንጠቅ ነው። ስለዚህ አንድን ንድፍ በመላ ከተማው መበተን ስህተት ይሆናል። በመረሬ ላይ የጠጠሩ ሆድ ከሥሩና ከጎኑ በወፍራም ላስቲክ ይሸፈናል፤ ከታች የተበሳ ቱቦ ይቀበራል፤ የቱቦው መውጫ ሆን ተብሎ ይጠብባል። ውሃው አይሰርግም፤ ይዘገያል። በአንድ ሰዓት የወረደው በአሥር ሰዓት ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይወጣል። ጎርፍ የሚገድለው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በመምጣቱ ስለሆነ መዘግየቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በቀይ አፈር ላይ ውሃው እንዲሰርግ ይተዋል፤ ከቤት መሠረት ግን ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ።

ተዳፋቱም ሌላ ጣጣ አለው። በቁልቁለት ላይ በተነጠፈ ጠጠር ውስጥ የገባ ውሃ በሥር በሥር ወርዶ ከታችኛው ጫፍ ይፈልቃል፤ የላይኛው ጠጠር ባዶውን ይቀራል። ተዳፋቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ በጠጠሩ ውስጥ አግድም ግድቦች በየርቀቱ መሠራት አለባቸው። እነዚህ ግድቦች ከመሬት ሥር የተቀበሩ እርከኖች ናቸው፤ የኮንሶ ገበሬ ቢያያቸው አይገረምም።

ቻይናዊው የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ዩ ኮንግጂያን ከዚህ የሚቀራረብ ሐሳብ ይዞ ነበር የተነሣው። በዠጂያንግ የገበሬ መንደር ያደገ ሰው ነው፤ አያቶቹ ውሃን በኩሬና በእርሻ ድንበር እያዘገዩ ሲጠቀሙበት አይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 በቤጂንግ 79 ሰዎች በጎርፍ ከሞቱ በኋላ የእርሱ ክርክር ሰሚ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሥራ ስድስት ከተሞች፣ በቀጣዩ ዓመት ሌላ አሥራ አራት ከተሞች «የስፖንጅ ከተማ» ለመሆን በሙከራነት ተመረጡ፤ ውሃ አሳላፊ ንጣፍ ከፓርኩና ከረግረጉ ጋር የዕቅዱ አካል ነበር። ዩ እ.ኤ.አ. በ2025 በብራዚል በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

በዚያው በቻይና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2021 በዠንግዡ ከተማ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ብቻ 14 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ ለስፖንጅ ሥራ ብዙ ገንዘብ መድባ ስለነበር «ሐሳቡ ከሸፈ» የሚል ወቀሳ ወዲያው ተነሣ። እኔ ግን ከሸፈ አልልም። ያን የመሰለ ዝናብ የጠጠሩን ሆድ ሞልቶ ስለሚያልፍ የትኛውም ንጣፍ፣ የትኛውም ቱቦ ብቻውን አይችለውም፤ እንዲህ ባለ ቀን የሚያድነው አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ባቡርን በጊዜ ማስቆምና ሰውን ማውጣት ነው። ውሃ አሳላፊ ንጣፍ የሚሠራው በየክረምቱ ለሚመላለሰው፣ በየዓመቱ አንዱን ሰፈር ለሚያጥለቀልቀው ዝናብ ነው። የድሬዳዋው የ1998 ዓ.ም. ጎርፍም እንዲሁ ሌላ ዓይነት ነበር። በደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ውሃ ከከተማው በላይ ካለው ደጋ የመጣ ነው። እዚያ መልሱ ተራራው ላይ እርከንና ዛፍ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ነፃ ቦታ ነው። ከንጣፍ የማይገኘውን ከንጣፍ መጠበቅ በኋላ ሐሳቡን በሙሉ ያስጥላል።

ሐሳቡን ከምንም በላይ የሚጥለው ግን መደፈን ነው። አዲስ የተሠራ ንጣፍ ላዩ ከየትኛውም ዝናብ በሚበልጥ ፍጥነት ውሃ ይውጣል፤ ካልተጠበቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዚህ አቅሙ አብዛኛውን ሊያጣ ይችላል። በእኛ ሰፈሮች ጠላቱን ለመገመት አያስቸግርም። አንዱ አጥሩን ሲያሠራ ሲሚንቶ የሚያቦካው መንገዱ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ለዘለዓለም ተደፈነ። ሌላው ለመሠረት የቆፈረውን አፈር ክረምቱን ሙሉ ከደጁ ይከምራል፤ ዝናቡ አፈሩን በልቶ መጋጠሚያው ውስጥ ይሞላዋል። ውጭ አገር በሚመጥ መኪና ያጸዱታል። ለእኛ ብዙም አያስፈልግም። በግንቦት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ በጠንካራ መጥረጊያ መጥረግ፤ የደነደነውን በብረት ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየፋቁ አሮጌውን ጠጠር አውጥቶ አዲስ መሙላት ነው። ድንጋዩን የነጠፉት ማኅበራት ይህን በዓመት አንድ ጊዜ በኮንትራት ቢይዙት ለእነሱም ቋሚ ሥራ ይሆናል።

ወጪውን ማን ይሸፍን ለሚለው፣ ኮብልስቶንን ያስተዋወቁን ጀርመኖች ለራሳቸው ያበጁት ዘዴ ትምህርት ይሰጣል። በብዙ የጀርመን ከተሞች የፍሳሽ ክፍያ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ለተጠቀሙት ውሃ፣ ሌላው ግቢው ውስጥ ውሃ እንዳያሰርግ ለተዘጋው መሬት በካሬ ሜትር ይከፈላል። ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ ያለው ሰው ክፍያው ይቀንስለታል። እኔ በአዲስ አበባ ነገ ክፍያ ይጣል አልልም፤ የኑሮ ውድነቱን እያየን እንዲህ ያለው ነገር ሰውን ከሐሳቡ ያርቀዋል። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ግን የግቢው ውሃ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ምንም ገንዘብ አይፈልግም። ንጣፉ ውሃ አሳላፊ እንዲሆን የሚያደርግ ሰው የፈቃድ ክፍያ ቢቀነስለት ደግሞ ብዙዎች ይሞክሩታል።

መጀመር ያለበት ግን በመንግሥትና በጋራ ይዞታዎች ነው። በላይኛው የከተማው ክፍል ያሉ የትምህርት ቤት ሜዳዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢዎች አሉ። የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያዎች አሉ፤ ብዙ ቤተሰብ ስለሚጠቀምባቸው ሰዉ ሥራውን በዓይኑ ያየዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶችም አሉ። እግረኛ መንገድ ከባድ መኪና ስለማይወጣበት ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይመቻል፤ ወደፊት በሚሠሩት ላይ ከንጣፉ በታች ያለው ሃያ ሴንቲ ሜትር ከገረጋንቲ ወደ ታጠበ ጠጠር ቢለወጥ አላፊ አግዳሚው ልዩነቱን አያየውም፤ ታች ያለው ሰፈር ግን ያገኘዋል። ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያና መኪና እጥበት ያለበት ቦታ ይቅር። እዚያ የሚሰርገው ዘይት ነው፤ ከተማዋ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትጠጣ መሆኗን መርሳት አይገባም።

እንዲህ ያለ ሥራ ጨረታ ሲወጣ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ መግባት አለበት። ርክክብ የሚደረገው ንጣፉ በዓይን ታይቶ ሳይሆን ተፈትኖ ነው። ፈተናው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀለበት ንጣፉ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ውሃ እንዳያፈስ በጭቃ ወይም በማስቲሽ ይታሸጋል፤ መጀመሪያ ንጣፉ ይርሳል፤ ከዚያ 18 ሊትር ውሃ ቀስ እየተባለ ይፈስስበታል፤ ሰዓት ይያዛል። 18 ሊትሩ በስድስት ደቂቃ ከሰረገ ንጣፉ በሰዓት ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይውጣል ማለት ነው፤ ይህም በዠንግዡ በአንድ ሰዓት ከወረደው ከአሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ይህ ግን የላዩ የመዋጥ ፍጥነት እንጂ ከሥሩ ያለው ጠጠር የሚይዘው መጠን አይደለም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ውሃው አሁንም ቀለበቱ ውስጥ ከቆመ ክፍያው ይያዝ፤ መጋጠሚያው ተፍቆ ይታይ። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ በዚያው ቦታ ላይ ይደረግ፤ የመያዣ ገንዘቡም እስከዚያ ድረስ አይለቀቅ።